ጨረር ባልና ሚስትን ይለያያልን?

እስቲ አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። የቤቱ እመቤት የማኅፀን በር ካንሰር ተገኝቶባት የጨረር ሕክምና ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ከሆስፒታል ስትመለስ ድካም ይጥላታል፤ ምግብም አይረጋላትም። ማታ ሲሆን ባለቤቷ ብርድ ልብሱን አንሥቶ ሳሎን ወዳለው ሶፋ ይሄዳል። «አንቺ እንዳትረበሺ ብዬ ነው» ይላታል። ትንሿ ልጅ ወደ እናቷ ጭን ስትሮጥ አክስቷ ከመንገድ ይዛ ትመልሳታለች። የእናትየዋ ብርጭቆና ሳህን ለብቻ ተለይቶ ተቀምጧል። እሑድ በቤተ ክርስቲያን እንኳ ሁልጊዜ አቅፈው የሚስሟት እኅቶች ከሩቅ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ብለዋት ያልፋሉ።

በዚህ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ባልየው ሚስቱን ይወዳታል፤ ለሕክምናዋ ገንዘብ ተበድሯል፤ ሌሊት ተነሥቶ ይጸልይላታል። የፈራው ለልጆቹ ነው። «ጨረር የወሰደ ሰው ጨረር ይረጫል» ሲባል ሰምቷል። እርሷም ነገሩ ገብቷታል፤ ግን ምንም አላለችም። ከበሽታው ይልቅ ያ ሶፋ ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ ያማታል።

ለመሆኑ ይህ ባል ልክ ነው ወይስ ተሳስቷል? ይህች ሚስት በምትወስደው የሕክምና ዓይነት ተሳስቷል። ነገር ግን ለጥቂት ቀናት ተለይቶ መተኛት ተገቢ የሚሆንበት ሌላ የጨረር ሕክምና አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ብዙ ቤቶችን ከማያስፈልግ ሐዘን፣ ሌሎችንም ከማያስፈልግ አደጋ ያድናል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ፍርሃቱ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የወደቁት ቦምቦች፣ በ1986 በቼርኖቢል የፈነዳው የኑክሌር ማመንጫ በዓለም ሕዝብ ልብ ውስጥ ጠባሳ ጥለዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ «ጨረር» የሚለው ቃል ሲጠራ ብዙዎቻችን የምናስበው ጥፋትን ነው። ችግሩ ግን ያንኑ አንድ ቃል ለቦምቡም፣ ለራጁም፣ ለካንሰር ሕክምናውም እንጠቀምበታለን። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ በሰውነት ላይ የሚሆነው ነገር አንድ አይደለም።

በባልና ሚስት የተጀመረ ሥራ

ስለ ባልና ሚስት እየተነጋገርን ነውና፣ የዚህ ሳይንስ ታሪክም በአንድ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ እንደሚያልፍ ብንነግራችሁ ደስ ይለናል። በ1896 ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤኬሬል የዩራኒየም ማዕድን ማንም ሳይነካው ከራሱ የማይታይ ጨረር እንደሚያወጣ ደረሰበት። ነገሩን አንሥተው ሥር ድረስ የተከተሉት ግን ፓሪስ ይኖሩ የነበሩት ማሪ ኪዩሪና ባለቤቷ ፒየር ናቸው። በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም የተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮችን አገኙ። ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ በብዙ ቶን የሚቆጠር ማዕድን እያፈሉና እያጣሩ፣ በ1902 ከዚያ ሁሉ ክምር ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆን የራዲየም ጨው አወጡ። በ1903 ከቤኬሬል ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ፒየር ራዲየሙን በገዛ ክንዱ ላይ ለሰዓታት አስሮ ሞከረው። ቆዳው እንደ ቃጠሎ ቆሰለ፤ ቁስሉም ለመዳን ሳምንታት ፈጀ። ከዚህ ቁስል ሁለት ትምህርት ወጣ። አንደኛው ጨረር ሕያው ሥጋን ይጎዳል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እንዲህ ከሆነ መጥፎውን ሥጋ ለይቶ ለማጥፋት ሊያገለግል ይችላል የሚል ነው። የዛሬው የካንሰር የጨረር ሕክምና በዚያ ሐሳብ ላይ የተሠራ ነው።

ፒየር በ1906 በፓሪስ መንገድ ላይ በፈረስ ጋሪ አደጋ ሞተ። ማሪ ሁለት ሴት ልጆቿን እያሳደገች ሥራውን ቀጠለች፤ በ1911 ሁለተኛ የኖቤል ሽልማት አገኘች። በ1934 ያረፈችው የአጥንት መቅኔዋ ደም መሥራት አቅቶት ነው። ለዚህም ብዙ ዓመት ያለ መከላከያ ከጨረር ጋር መሥራቷ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። ማስታወሻ ደብተሮቿ እስከ ዛሬ ጨረር ስለሚያወጡ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ይጠበቃሉ። ይህን ልብ በሉ፤ ደብተሮቹ ጨረር የሚያወጡት ጨረር ስለ በራባቸው አይደለም፤ የራዲየም ብናኝ ስለ ተጣበቀባቸው ነው። የጽሑፋችን ዋና ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

የፈንድሻው ምሳሌ

ታዲያ ጨረሩ ከወዴት ይወጣል? ማንኛውም ነገር ከአቶሞች የተሠራ ነው። አቶም በመካከሉ አስኳል አለው። የአብዛኞቹ አቶሞች አስኳል የረጋ ነው፤ አይለወጥም። አንዳንዱ ግን ያልረጋ ነው። አንድ ቀን ቅንጣት ወይም ጨረር አውጥቶ ወደ ሌላ ይለወጣል። ይህ ነው ራዲዮአክቲቭ መፈራረስ የሚባለው።

ቡና ሲፈላ ፈንድሻ ምጣድ ላይ ስታደርጉ ቀጥሎ የትኛው በቆሎ እንደሚፈነዳ ማንም አይናገርም። የአቶም አስኳልም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ለብቻው መቼ እንደሚፈርስ ማወቅ አይቻልም። ከብዙዎቹ ግን ግማሾቹ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚፈርሱ በትክክል ይታወቃል። ይህ ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። አዮዲን-131 የተባለውን እንውሰድ። ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው። ዛሬ 100 እጅ ቢኖር ከ8 ቀን በኋላ 50፣ ከ16 ቀን በኋላ 25፣ ከ24 ቀን በኋላ 12 ተኩል እያለ ይቀንሳል። በ80 ቀን ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። በልመናም በቁጣም አይፈጥንም አይዘገይም።

ሌሎቹ የየራሳቸው ዕድሜ አላቸው። ለአጥንትና ለዕጢ ምርመራ በመርፌ የሚሰጠው ቴክኒሺየም-99ኤም 6 ሰዓት ነው። ለካንሰር ሕክምና መሣሪያ የሚሆነው ኮባልት-60 5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ነው። የማሪ ኪዩሪ ራዲየም 1,600 ዓመት ነው። ደብተሮቿ ዛሬም የሚጠበቁት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ፖታሲየም በምንበላው ባቄላ፣ ድንችና ሙዝ ሁሉ ውስጥ አለ፤ ከእርሱም ጥቂቱ በተፈጥሮው ራዲዮአክቲቭ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ 4,000 ገደማ የፖታሲየም-40 አቶሞች ይፈርሳሉ። ስለዚህ አንድ አልጋ ላይ የሚተኙ ባልና ሚስት ሁሉ ከሠርጋቸው ሌሊት ጀምሮ አንዱ ለሌላው ጥቂት ጨረር ሲሰጡ ኖረዋል! ማንም አልተጎዳበትም። የጨረር ጉዳት የሚለካው በመኖርና ባለመኖሩ ሳይሆን በመጠኑ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ጨረር፦ መብራቱ ሲጠፋ

አሁን ወደ መጀመሪያው ቤት እንመለስ። ያቺ እኅት የምትወስደው ሕክምና ጨረሩ ከውጭ ባለ መሣሪያ የሚላክበት ነው። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኮባልት-60ን ይጠቀማል። ተራው ኮባልት በኑክሌር ማብለያ ውስጥ ገብቶ ኒውትሮን የተባለ ቅንጣት ሲውጥ ኮባልት-60 ይሆናል። ይህ ሲፈርስ ኃይለኛ የጋማ ጨረር እያወጣ ወደ ኒኬል ይለወጣል። በዚህ መንገድ ሕሙማን መታከም የጀመሩት በ1951 በካናዳ ነው። ኮባልቱ ወፍራም መከላከያ ባለው የመሣሪያው ራስ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል፤ በሽተኛዋን አይነካትም። እያረጀ ሲሄድ ጨረሩ ስለሚደክም፣ ቀድሞ 2 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሕክምና ከአምስት ዓመት በኋላ 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛው መሣሪያ ሊኒየር አክስለሬተር ይባላል። ይህ ደግሞ ራዲዮአክቲቭ ነገር አያስፈልገውም፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ጨረሩን ይፈጥራል።

በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይህ ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እርሱም በኮባልት-60 መሣሪያ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሊኒየር አክስለሬተሮች ገብተዋል፤ አገልግሎቱም ጅማን ወደመሰሉ ከተሞች መስፋፋት ጀምሯል።

ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ሲያልፍ በሴሎች ውስጥ ያለውን የዘር መመሪያ ይሰብራል። ጤነኛው ሴል ስብራቱን ጠግኖ ይነሣል፤ የካንሰሩ ሴል ግን በመጠገን ደካማ ስለሆነ ይሞታል። ሕክምናው በአንድ ቀን ተጠቃልሎ የማይሰጠውም ስለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለበርካታ ሳምንታት ተከፋፍሎ ይሰጣል። ጤነኛው ሥጋ በመካከል እንዲያገግም ነው። በመሐል ማቋረጥ ግን ካንሰሩም እንዲያገግም ዕድል መስጠት ነው። ስለዚህ ጸሎቱ ይቀጥል፤ ቀጠሮውም አይዘለል። ሁለቱ አይጣሉም።

ታዲያ ይህ ጨረር በሰውነቷ ውስጥ ይቀራልን? አይቀርም። ማታ መብራት ስታጠፉ ክፍሉ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቀር ብርሃን አለ? መሣሪያው ሲዘጋም እንዲሁ ነው። ጨረሩ ሥራውን ሠርቶ አልፏል። ያቺ እኅት ከሕክምናው ክፍል ስትወጣ በውስጧ ወደ ሌላ ሰው የሚወጣ የሕክምና ጨረር የለም። ባሏ አጠገቧ ሊተኛ፣ ልጇ ጭኗ ላይ ልትቀመጥ፣ ነፍሰ ጡር እኅቷ ልታቅፋት ትችላለች። ብርጭቆዋም ላቧም ምንም የለበትም።

ይህ እውነት በሌላም ሥራ ይታያል። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የሕክምና ጓንቶችና መርፌዎች ከነማሸጊያቸው በኮባልት-60 ጋማ ጨረር ከጀርም ይጸዳሉ፤ ሐኪሙ ግን ያለ ሥጋት ይይዛቸዋል። በአገራችንም ከብትን የሚያጠቃውን የገንዲ በሽታ ለመቀነስ በቃሊቲ የቆላ ዝንብ እየተራባ፣ ወንዶቹ በጨረር እንዲመክኑ ተደርገው በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተለቀዋል። ሴቷ ዝንብ ብዙውን ጊዜ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትገናኝ፣ ከመከነው ጋር ከተገናኘች ዘር አይኖራትም። እነዚያ ዝንቦች ሰው በሚኖርበት አገር ሲበሩ ጨረር ይዘው አልዞሩም። እንዲህ ያለ የጋማ ጨረር ያለፈበት ነገር ራሱ የጨረር ምንጭ አይሆንም።

ምንጩ ወደ ሰውነት ሲገባ

ሁለተኛው ዓይነት ግን ይለያል። እሳት ዳር መሞቅ አንድ ነገር ነው፤ ፍሙን በኪስ ይዞ መሄድ ሌላ ነው።

በማኅፀን በር ካንሰር ሕክምና ላይ ከውጭው ጨረር በተጨማሪ ከውስጥ የሚሰጥ አለ። ትንሽ የጨረር ምንጭ በቀጭን መሣሪያ አማካይነት ወደ ዕጢው ተጠግቶ ይቆይና መልሶ ይወጣል። ፍሙ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው። ከወጣ በኋላ በሴትየዋ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። እርሷም እንደ ፊተኛዋ ናት፤ ማንም አይሽሻት።

ፍሙ ለጊዜው በውስጥ የሚቀርበት ዋነኛው ምሳሌ የአዮዲን-131 ሕክምና ነው። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲንን ከደም እየለቀመ ይወስዳል። ስለዚህ ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ ወይም አንዳንድ የታይሮይድ ካንሰር ሲኖር ሕመምተኛው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በክኒን ወይም በፈሳሽ ይውጣል። አዮዲኑ በቀጥታ ወደ ዕጢው ይሄዳል፤ የሚያወጣውም ቅንጣት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ እየተጓዘ ያንኑ ሥፍራ ያክማል። ይህ ሕክምና ከ1941 ጀምሮ ይታወቃል። ከቼርኖቢል አደጋ በኋላ በወተት አድርጎ ወደ ልጆች አንገት የገባውና ብዙዎችን ለታይሮይድ ካንሰር የዳረገውም ይኸው አዮዲን-131 ነው። አቶሙ አንድ ነው፤ ማን፣ ስንት፣ ለምን ወሰደው የሚለው ነው ልዩነቱ።

ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው ለተወሰኑ ቀናት በእርግጥ ጨረር ያወጣል፤ ሽንቱ፣ ምራቁና ላቡም አዮዲኑን ይይዛሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ፍቅር ነው። የቀናቱ ቁጥር እንደ መድኃኒቱ መጠን ስለሚለያይ ሐኪሙ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት፦

• ባልና ሚስት ለተባለው ጊዜ ተለያይተው ይተኛሉ። ርቀት ትልቅ መከላከያ ነው፤ ከአንድ ትንሽ ምንጭ ያላችሁን ርቀት እጥፍ ስታደርጉት የሚደርስባችሁ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል።

• ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን አቅፎ መቆየት አይገባም።

• ውኃ በብዛት መጠጣት፣ መጸዳጃ ቤትን ደጋግሞ በውኃ መልቀቅ፣ እጅን መታጠብ፣ መመገቢያና ፎጣን መለየት ያስፈልጋል።

• ነፍሰ ጡር ይህን መድኃኒት ፈጽሞ አትወስድም። የምታጠባም እናት አስቀድማ ጡት ማስጣል አለባት። ከሕክምናው በኋላ ሴቷም ሆነች ወንዱ ልጅ ለመውለድ ለወራት እንዲቆዩ ይመከራሉ፤ ለሴቶች ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 6 ወር ነው።

ይህ መለየት ግን መጨረሻ አለው። አዮዲኑ በራሱ እየፈረሰ፣ በሽንትም እየወጣ ይሄዳል። የሚያበቃበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር አብራችሁ ምልክት አድርጉበት። «እስከዚህ ቀን ድረስ» የሚባል መለየትና ምክንያቱ ያልተነገረ መለየት ልብ ላይ የሚያሳድሩት ነገር አንድ አይደለም።

ለባልና ለሚስት የምንመክረው

በመጀመሪያ፣ ሐኪሙ ዘንድ ሁለታችሁም ሂዱ። አራት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ጨረሩ የሚመጣው ከውጭ ነው ወይስ ወደ ሰውነት ይገባል? ከሕክምናው በኋላ በሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር አለ? ካለ እስከ መቼ እንጠንቀቅ? ስለ እርግዝና፣ ስለ ማጥባትና ስለ ግንኙነት ምን ትመክሩናላችሁ? የመጨረሻውን መጠየቅ አያሳፍርም፤ ለሐኪሙ የዘወትር ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ እውነተኛውን ችግር ከሐሰተኛው ለዩ። በዳሌ አካባቢ የሚሰጥ ጨረር ለሌላው አይተላለፍም፤ እርሷን ግን ያደክማታል፤ ተቅማጥ ሊያመጣባት፣ የወር አበባዋን ሊያቋርጥ፣ መውለድን ሊከለክላት፣ ግንኙነትን የሚያሳምም ሊያደርግባት ይችላል። ሐኪሙ ቁስሉ እስኪሽር ታገሡ ሊል ይችላል። እንግዲህ ባል ሆይ፣ ትዕግሥትህ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለጊዜው ከግንኙነት መታቀብ ከመኝታዋ መሸሽ አይደለም። ከሕክምናው በፊት ስለ ልጅ ያላችሁን ሐሳብም ለሐኪሙ ንገሩት።

ሦስተኛ፣ ይህን በሽታ የጥርጣሬ ምክንያት አታድርጉት። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ኤች ፒ ቪ በተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በግንኙነት ቢተላለፍም እጅግ የተለመደ ነው፤ ካንሰር እስኪሆን ድረስም ብዙ ዓመታት ይወስዳል። ከማንና መቼ እንደመጣ ማንም ሊናገር አይችልም። ካንሰሩ ራሱ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይልቅ ኃይላችሁን ለልጆቻችሁ አውሉት። ኢትዮጵያ ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች የዚህን ቫይረስ ክትባት በመስጠት ላይ ናት። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆናችሁ እኅቶችም ምርመራው እንዳያልፋችሁ።

ለምእመናንም አንድ ቃል

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሕክምና በየቀኑ ለሳምንታት መመላለስን ይጠይቃል። ከገጠርና ከሩቅ ከተማ የሚመጡ ሕሙማን ከሕክምናው ክፍያ ይልቅ ማደሪያው ይከብዳቸዋል። ብዙዎቻችሁ ትርፍ ፍራሽና ትርፍ ክፍል ሊኖራችሁ ይችላል። እስካሁን «ቤታችን ሕፃናት አሉ፤ ጨረር ያመጣብን ይሆን?» ብላችሁ ፈርታችሁ ከሆነ መልሱን አሁን ይዛችኋል። ከውጭ በመሣሪያ የሚታከም ሰው ለልጆቻችሁ አደጋ የለውም። ለአምስትና ስድስት ሳምንት የሚሆን አልጋ፣ ትኩስ ሾርባና ወደ ሆስፒታል የምታደርሰው ሰው ያገኘች እናት ሕክምናዋን ሳታቋርጥ ትጨርሳለች።

ያ ሶፋ ላይ የሚተኛው ወንድም ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ መኝታ ክፍሉ ይመለስ። ለምን ሄዶ እንደነበርም ይንገራት። ይቅርታ ይጠይቃት። ከዚያም ልጂቱን ይጥራት፤ ወደ እናቷ ጭን ትሩጥ።